«ተመስገን በይ» መድኃኒት አይደለም

ልጅ ሆኜ እታለም ለምን እግሯን ከብርድ ልብስ ውጭ አውጥታ እንደምትተኛ አይገባኝም ነበር። ክረምት ነው፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ እኛ ጋቢ ደራርበን እንንቀጠቀጣለን። እሷ ግን እግሯን ወደ ውጭ ትዘረጋለች፤ አንዳንዴም ሌሊት ተነስታ በባዶ እግሯ ሲሚንቶው ላይ ትቆማለች። ካልሲ አታደርግም። አንሶላ ሲነካት ራሱ ታቃስታለች። ጎረቤቶቻችን «ብርድ መትቷት ነው» ይሉ ነበር። ብርድ! እግሯን ለማብረድ ሲሚንቶ የምትፈልግን ሴት።

እታለም የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የጀመረችው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። «ስሜን ብቻ እንዳትጠራ፤ እግሬን ግን የፈለግከውን ያህል ጥራው» ነው ያለችኝ።

እንግዲህ ልጥራው።

እዚህ አገር ከቫይረሱ ጋር የሚኖር ሰው ስለ መድኃኒቱ ቅሬታ ሲያነሳ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ ተመስገን በል። እግሬን አቃጠለኝ፤ ተመስገን በይ፣ በሕይወት አለሽ። ጉንጬ ሟሸሸ፤ ተመስገን በል፣ ስንቱ አልፏል። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፤ ኧረ ተመስገን በይ! እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። በእኛ ሙያ ተጠቃሚ «ይህ ነገር አይሠራልኝም» ብሎ ሲያመለክት፣ ሳያዩት «ተፈትቷል» ብሎ ቅሬታውን መዝጋት ነውር ነው። ሁላችንም አንዳንዴ እናደርገዋለን፣ ያው ነውርነቱን እያወቅን ነው። «ተመስገን በይ» ማለት ይኸው ነው፤ ሳይታይ የተዘጋ ቅሬታ። እታለም ራሷ ጠዋት ማታ ተመስገን ትላለች። በእሷና በፈጣሪዋ መካከል ያለ ነገር ነው። ሌላ ሰው ግን በእሷ አፍ ተመስገን ብሎ ጥያቄዋን የመዝጋት መብት የለውም።

የጀመረችው መድኃኒት ሦስቱን በአንድ ፍሬ የያዘ ነበር፤ ስታቩዲን፣ ላሚቩዲን እና ኔቪራፒን። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። የሕንዱ ሲፕላ ይህን ጥምረት «ትራዮሚዩን» በሚል ስም ይሸጠው ነበር። ከሦስቱ እግር የሚያቃጥለው ስታቩዲን ነው። የዚህ መድኃኒት ታሪክ ራሱ ሊነገር የሚገባው ነው። መጀመሪያ የተቀመመው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለካንሰር ምርምር ነው፤ አልሆነም ተብሎ ተቀመጠ። ኋላ የዬል ዩኒቨርሲቲዎቹ ዊልያም ፕሩሶፍና ታይ ሹን ሊን ኤች አይ ቪን እንደሚገታ አሳዩ። ብሪስቶል ማየርስ ስኩዊብ የማምረት መብቱን ወሰደ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ ጸደቀ። እ.ኤ.አ. በ2001 ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የዬል ተማሪዎች «ይህ መድኃኒት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በፓተንት ምክንያት ለድሃ መከልከል የለበትም» ብለው ተነሱ። ፕሩሶፍ ራሳቸው ከተማሪዎቹ ጎን ቆሙ። ኩባንያውም በመጋቢት ወር መብቱን በደቡብ አፍሪካ እንደማያስከብር አስታወቀ። በዚያው ዓመት የሲፕላው ዩሱፍ ሃሚድ ሦስቱን መድኃኒት ለድንበር የለሽ ሐኪሞች በዓመት 350 ዶላር እንደሚያቀርቡ ተናገሩ። ምዕራቡ ዓለም ውስጥ ያኔ የአንድ ሰው የዓመት ሕክምና ከ10,000 ዶላር በላይ ነበር።

እኛ ጋ መድኃኒቱ በክፍያ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ በነፃ መሰጠት የጀመረው ደግሞ በጥር 1997 ዓ.ም.። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከዚያ በፊት የነበረውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ በየሰፈሩ ድንኳን፣ በየቤቱ አያት የሚያሳድጋቸው ልጆች። እታለምም በ1997 መጨረሻ ላይ አልጋ ላይ ነበረች፤ እናቴ ከፈን እስከማሰብ ደርሳ ነበር። መድኃኒቱን በጀመረች በስድስት ወሯ ጤፍ አስፈጭታ በራሷ ሸክም መጣች። ስለዚህ ስታቩዲን አያስፈልግም ነበር የሚል ካለ እኔ አይደለሁም። ቤት ሲቃጠል የተገኘው ውሃ ነው የሚደፋው።

ግን እሳቱ ከጠፋ በኋላስ? እኛ «ይኸው መጣልን» ብለን በነፃ በጀመርንባቸው ዓመታት ሀብታም አገሮች ስታቩዲንን ከመጀመሪያ ምርጫነት እያወረዱት ነበር። ነርቭ እንደሚጎዳ፣ የፊትና የእጅ እግር ስብ እንደሚያመነምን፣ አልፎ አልፎም ደም ውስጥ ላክቲክ አሲድ አከማችቶ እንደሚገድል ይታወቅ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 «ለአዋቂ ሁሉ 40 ሚሊ ግራሙ ቀርቶ 30 ይሰጥ» አለ። በኅዳር 2002 ዓ.ም. ደግሞ አገሮች ቀስ በቀስ እንዲያስወጡት መከረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስታቩዲን ርካሽ ነበር፣ ቴኖፎቪር ውድ ነበር። ይህን እረዳለሁ። የማልረዳው፣ ልዩነቱን በእግሯ የከፈለችው ሴት እየከፈለች እንደሆነ እንኳ ያልተነገራት ለምን እንደሆነ ነው።

አሠራሩን እንዲህ አስቡት። ቫይረሱ ራሱን ለማብዛት ዘረ መሉን ይገለብጣል። ስታቩዲን ከዘረ መል ፊደላት አንዷን፣ ታይሚዲንን፣ መስሎ ይገባል። ቫይረሱ ትክክለኛ ፊደል መስሎት ይሰካዋል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ፊደል መቀጠል አይቻልም፣ ግልበጣው እዚያው ይቆማል። ጎበዝ ዘዴ ነው። ችግሩ፣ በየሴላችን ውስጥ ኃይል የሚያመነጩት ሚቶኮንድሪያዎችም የራሳቸው ዘረ መል አላቸው፣ የሚገለብጥላቸውም ኢንዛይም አላቸው፤ እሱም እንደ ቫይረሱ በቀላሉ ይታለላል። የግብዓት ፍተሻው የላላ ፈንክሽን ማለት ነው። ኃይል ማመንጫው ሲዳከም መጀመሪያ የሚጎዳው ረጅሙ መስመር ነው። ከወገብ ተነስቶ እስከ አውራ ጣት የሚወርደው የነርቭ ክር አንድ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጫፉ መጀመሪያ ይራባል። ስለዚህ ከእግር ጣት ይጀምርና እንደ ካልሲ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከበረታም ወደ እጅ ጣት ይሄዳል።

ኋላ ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ ስታቩዲን ከሚወስዱ ሰዎች ማን የበለጠ ለነርቭ ጉዳት እንደሚጋለጥ ከሚያመለክቱ ነገሮች ሁለቱ ዕድሜና ቁመት መሆናቸውን አሳየ። አርባ ያለፈና ረጅም ሰው። ይህን ሳነብ ላፕቶፑን ዘጋሁት። እታለም ስትጀምር 43 ዓመቷ ነበር። ቁመቷ ደግሞ የቤተሰባችን ኩራት ነው፤ ዘንካታ ናት፣ ሠርግ ላይ ከወንዶቹ በላይ ትታያለች። በ1998 ይህ ጥናት አልነበረምና የዚያን ጊዜ ሐኪሞች ላይ አልፈርድም። ግን ከወጣስ በኋላ? ቁመት መለኪያውም የልደት ዓመቱም ካርዷ ላይ ነበር። ደም ማነስ ለሌለበት ሰው ዚዶቩዲን ነበረ፤ እሱ ደም ያሳንሳል እንጂ ነርቭን እንደ ስታቩዲን አይጎዳም። ቴኖፎቪር ደግሞ ኩላሊትና አጥንት ላይ ዓይን ይፈልጋል። ጉዳት የሌለው መድኃኒት የለም። ጥያቄው የትኛው ሰውነት የትኛውን ጉዳት ይችላል የሚለው ነው፤ ይህን ለመመለስ ደግሞ ባለ ሰውነቱን ማናገር ግድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እታለም ሌሊት ሌሊት ስትነድ ቆይታ፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ የራሷን ምርምር አደረገች። ማታ ከዋጥኩ ይነደኛል፤ ስለዚህ የማታውን ልተወው። ተወችው። ለማንም አልነገረችም። ፍሬዎቹን ስኳር ዕቃ ውስጥ ታጠራቅማለች፤ ሪፊል ስትሄድ ሲቆጠርባት ልክ እንዲመጣ። አንድ ዓመት ተኩል! ሲዲፎሯ ወረደ። የምትከታተልበት ጤና ጣቢያ ውስጥ «መድኃኒትሽን በትክክል አትወስጂም» ተብላ ተወቀሰች፤ የምክር ቀጠሮ ተሰጣት፣ ስለ ሰዓት አጠባበቅ ተነገራት፣ ማንቂያ ሰዓት ግዢ ተባለች። ማንቂያ ሰዓት! ሌሊቱን ሙሉ ነቅታ ለምታድር ሴት።

ይህ ጥምረት በግማሽ ሲወሰድ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምዳል፤ በተለይ ኔቪራፒንን ቶሎ ነው የሚለምደው። ከዚያ ሁለተኛ ደረጃ መድኃኒት ይመጣል፤ ያኔ እሱም በቀላሉ አይገኝም። እታለም ቫይረሱ ሳይለምድባት የተረፈችው በዕድል ነው፤ ሌላ ቃል የለኝም። ስታስበው አሁንም ታማትባለች።

ያተረፈቻት አንዲት ነርስ ናት። አዲስ የተመደበች፣ ወጣት። ሌሎቹ ካርዱን ሲያዩ እሷ አረማመዷን አየች። «የኔ እናት፣ ጫማሽን አውልቂልኝ እስቲ» አለቻት። እታለም እንደምትለው በሦስት ዓመት ውስጥ እግሯን የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። ጫማዋን አወለቀችና አለቀሰች፤ ስኳር ዕቃውንም ተናዘዘች።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ልበል። «ለምን ቀድማ አልተናገረችም?» የሚል ይኖራላ። ተናግራለች! «ጉንዳን ይሄድብኛል» ብላለች። «ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት ይመስለኛል» ብላለች። «ካልሲ ሳላደርግ ካልሲ ያደረግሁ ይመስለኛል» ብላለች፤ ይህ እኮ ከየትኛውም መማሪያ መጽሐፍ የተሻለ መግለጫ ነው። ቅጹ ላይ ግን ጉንዳንም ሚጥሚጣም የለም። ካርዱ ላይ የተጻፈው «የእግር ሕመም» ነው፤ የታዘዘላት ፓራሲታሞል ነው። በሌላ በኩል «ነርቭሽ ተጎድቷል» ሲሏት ደግሞ ሌላ ጣጣ። በእኛ ሰፈር «ነርቭ አለባት» ማለት ትቆጣለች፣ ነገር አትችልም ማለት ነው። «ነርቭ የለብኝም!» ብላ እንዴት እንደተቆጣች ብታዩ ነርቭ አለባት ትሉ ነበር።

መድኃኒቷ በ2003 ተቀየረ። ስታቩዲን ወጥቶ ቴኖፎቪር ገባ። እዚህም ላይ ያልተነገራት ነገር ነበር፦ ስታቩዲን ከቆመ በኋላ ቃጠሎው ለተወሰኑ ሳምንታት ሊብስ ይችላል። ባሰባት። «አዲሱ ከአሮጌው የከፋ ነው» ብላ ልታቆም ስትል፣ ያቺው ነርስ ናት በስልክ «ታገሺ፣ ይበርዳል» ያለቻት። አንድ ዓረፍተ ነገር! ለመናገር አምስት ሰከንድ የማይፈጅ። የአንዲት ነርስ ስልክ ቁጥር በአጋጣሚ ስለነበራት ነው ዛሬ ያለችው።

በረደላት፤ ግን አልጠፋም። የሞተ የነርቭ ጫፍ ሁልጊዜ ተመልሶ አይበቅልም። አሚትሪፕቲሊን ታዞላት ነበር፤ ያስተኛታል፣ ቃጠሎውን ግን ብዙም አልነካላትም። ከኤች አይ ቪ ጋር ለተያያዘ የነርቭ ሕመም በተደረጉ ሙከራዎችም ይህ መድኃኒት ከባዶ ክኒን በልጦ አልተገኘም። ለዚህ ነው መከላከልና ቶሎ መቀየር ላይ የምጮኸው፤ ከደረሰ በኋላ በእጃችን ያለው ጥቂት ነው።

የተቃራኒው ወገን ትልቁ ክርክር ይህ ነው፦ «ሰው ስለ ጎንዮሽ ጉዳት አብዝቶ ከሰማ መድኃኒቱን ያቆማል።» ባዶ ፍርሃት አይደለም። ያኔ መድኃኒታቸውን ጥለው እንጦጦ ጠበል የገቡ ብዙ ነበሩ፤ አቡነ ጳውሎስ በአደባባይ ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው ይወሰዱ እስከማለት የደረሱት በዚህ ምክንያት ነው። የጤና ባለሙያው ወሬ ቢፈራ አይገርመኝም። ግን እታለም ያቆመችው ስለነገሯት ነው ወይስ ስላልነገሯት? ሰው የማያውቀውን ሕመም ብቻውን ሲተረጉም ወይ ብርድ ይለዋል፣ ወይ ቅጣት ይለዋል፣ ወይ ደግሞ የማታውን ፍሬ ስኳር ዕቃ ውስጥ ይጨምራል። ዝም ማለት መድኃኒት አያስወስድም፤ ቆጠራ ያሳምራል እንጂ።

ስለ ሴቶች ጥበቃ ተብሎ ሌላም ጊዜ ይኸው ተደርጓል። ዶሉቴግራቪር ሲመጣ፣ በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከቦትስዋና አንድ ምልክት ተሰማ፤ ሲፀንሱ መድኃኒቱን ይወስዱ ከነበሩ እናቶች በተወለዱ ጥቂት ልጆች ላይ የአከርካሪና የአንጎል አፈጣጠር ችግር ታየ። ብዙ አገሮች መውለድ የምትችልን ሴት በጅምላ ከአዲሱ መድኃኒት አገለሉ። ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ አፍሪካውያን ሴቶች በዚያው ክረምት ኪጋሊ ተሰብስበው «መረጃውን ስጡን፣ ምርጫው የእኛ ነው» የሚል አቋም ያዙ። ተጨማሪ መረጃ ሲሰበሰብ አደጋው መጀመሪያ ከታሰበው በእጅጉ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ በሐምሌ 2011 የዓለም ጤና ድርጅት ለሁሉም እንዲሰጥ መከረ። አየር ላይ ያለው ጥያቄ አንድ ነው። በአንዱ ጊዜ ጉዳቱን ደብቀውላት፣ በሌላው ጊዜ በጉዳቱ አስፈራርተው መድኃኒቱን ነፈጓት፤ በሁለቱም ጊዜ እሷን የጠየቃት የለም።

«ይህ ሁሉ እኮ አለፈ፣ ዛሬ ስታቩዲን የት አለ?» የምትሉኝ አላችሁ። እውነት ነው፣ ዛሬ አብዛኛው ሰው በቀን አንድ ፍሬ ነው የሚወስደው፤ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር። እ.ኤ.አ. በ2017 ለድሃ አገሮች በዓመት 75 ዶላር ገደማ እንዲሆን ስምምነት የተደረሰበት። እጅግ የተሻለ ነው፤ እግር አያቃጥልም። ግን እግር የሚያቃጥለው ስታቩዲን ብቻ መቼ ሆነ? ቫይረሱ ራሱ ሳይታከም ሲቆይ ነርቭ ይጎዳል። ለሳንባ ነቀርሳ መከላከያና ሕክምና የሚሰጠው አይሶኒያዚድ ሰውነት ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ቢ6 ስለሚያጓድል ነርቭ ይጎዳል፤ ቫይታሚኑ አብሮ ከተሰጠ መከላከል ይቻላል። (ራሳችሁ ከፋርማሲ ገዝታችሁ እንዳታበዙት፤ ቢ6 ራሱ ከመጠን ሲያልፍ ነርቭ ይጎዳል።) ከዚያ ደግሞ እርጅና አለ። በ1998 የዳኑት ሰዎች ዛሬ ስልሳን እየነኩ ነው፤ ስኳር በሽታ እየመጣባቸው ነው። ስኳር ነርቭ ይጎዳል፤ ለስኳር የሚሰጠው ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12ን ሊያጓድል ይችላል፣ እሱም ነርቭ ይጎዳል፤ ዶሉቴግራቪር ደግሞ ደም ውስጥ ያለውን የሜትፎርሚን መጠን ከፍ ያደርጋል። ስንት ጥገኝነት ያለው ኮድ እንደሆነ አያችሁ? አንዱን ክፍል ብቻ የሚያይ ሰው ስህተቱን አያገኘውም።

ባለፈው ዓመት ከጥቁር አንበሳ አካባቢ ካሉት የሕክምና ዕቃ ሱቆች ቱኒንግ ፎርክ ገዛሁ። ሁለት ጣት ያለው ብረት ነው፤ ይመቱታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ የእግር አውራ ጣት መገጣጠሚያ ላይ ያስቀምጡታል፣ «መንቀጥቀጡ ሲቆም ንገሪኝ» ይላሉ። ለዚህ የሚሆነው 128 ኸርዝ የሚለው ነው። ባትሪ የለው፣ ኢንተርኔት የለው፣ ጊዜው አያልፍበት። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ማየት ብቻ ነው የፈለግሁት። አውራ ጣቷ ላይ አስቀመጥኩት። «ጀምር እንጂ» አለችኝ። ጀምሬያለሁ እኮ። ቁርጭምጭሚቷ ላይ፤ ዝም። ጉልበቷ ላይ ሳስቀምጠው ሳቀች፤ «ውይ፣ ንብ ይመስላል!»

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በየቀጠሮው «እግርሽስ?» ይባል፤ የሚናገሩት ጉንዳንና ሚጥሚጣ በተናገሩት ቃል ይመዝገብ። በየክሊኒኩ አንድ ብረት ይኑር። አይሶኒያዚድ የሚጽፍ እጅ ቢ6ንም ይጻፍ። መድኃኒት ሲቀየር ምን እንደሚጠበቅ፣ ስንት ሳምንት እንደሚቆይ፣ ለማን እንደሚደወል ይነገር። የእኛ አገር አሠራር ደህና ለሆነ ታካሚ የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ ይሰጣል፤ ጥሩ ነው፣ መመላለስ ቀንሷል። ግን ሰውየውን በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ካየኸው፣ ያቺን ሁለት ጊዜ ዓይንህን ከኮምፒውተሩ ማንሳት አለብህ።

በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ካገደ ወዲህ ደግሞ አዲስ ዝም ማሰኛ መጥቷል። «መድኃኒቱ ራሱ ሊቋረጥ ሲችል አንተ ስለ እግር ታወራለህ?» አዎ፣ አወራለሁ። በ1998ም «ሰው እየሞተ» ነበር የተባለው፤ በ2002ም «ገንዘብ የለም» ነበር። ለእግር የሚሆን ጊዜ መጥቶ አያውቅም። ደግሞም ገንዘብ ሲያንስ እኮ ነው ሰውን በርካሹ መድኃኒት ላይ ማቆየት የበለጠ የሚጠቅመው፤ ስኳር ዕቃ ውስጥ የተጠራቀመ ፍሬ ለበጀትም ኪሳራ ነው።

የእታለም ቀጣይ ቀጠሮ ሚያዝያ ላይ ነው። ብቻዬን እሄዳለሁ ብላ ነበር፤ አሁን «ና እንጂ፣ ብረቱንም ያዘው» ብላኛለች። ያቺ ነርስ ከዚያ ከለቀቀች ቆይታለች። ተራችን ሲደርስ ገብተን ሰላምታ ከተሰጣጠን በኋላ፣ እታለም ምንም ሳትጠየቅ ጫማዋን ልታወልቅ ወስናለች።